ሸክላና ስብራት፦ ተራርቀው የሚኖሩ አርቲስቶች የጋራ የመልቲሚዲያ ሥራ የሚሠሩበት ዝርዝር መመሪያ

በአማርኛ ሸክላ ስንል ጀበናውም ሸክላ ነው፣ ዘፈን የታተመበት ክብ ጥቁር ሰሌዳም ሸክላ ነው። ሁለቱም ድምፅ አላቸው፤ ሁለቱም ከእጅ ካመለጡ አይመለሱም። አራት ሆነን ስለ ተሰባሪነት አንድ የጋራ ሥራ ስንጀምር መነሻችን ይህ ቃል ነበር። አንዳችን አዲስ አበባ፣ አንዷ ጎንደር፣ አንዱ ዋሽንግተን አጠገብ፣ አንዷ ደግሞ እስራኤል ውስጥ ቤር ሼቫ ነን። ቪዲዮ፣ ድምፅ፣ ባለ ሦስት አውታር (3D) ምስልና ጽሑፍ ያለበት፣ በሁለት ከተሞች የሚታይ ሥራ ነበር ያሰብነው። ከዚህ በታች ያለው በመንገዱ ላይ የተማርነው ነው።

አንድ ነገር ከሁሉ አስቀድሜ ልበል። በእንዲህ ዓይነት ሥራ ውስጥ ሁለት ስብራት አለ። አንዱን መርጣችሁ ታደርሱታላችሁ። ሌላው በቸልተኝነት ይደርስባችኋል፤ የጠፋ ፋይል፣ የተጨመቀ ድምፅ፣ የተቀየመ ባልደረባ ማለት ነው። የመጀመሪያውን በነፃነት ለመሥራት ሁለተኛውን አጥብቆ መከላከል ያስፈልጋል። የሚከተሉት ደረጃዎች ሁሉ ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው።

1. ከሐሳብ ሳይሆን ከዕቃ ጀምሩ

«ተሰባሪነት» የሚል ርዕስ ብቻ ይዛችሁ የመጀመሪያውን ስብሰባ ከተቀመጣችሁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሕይወት ትነጋገራላችሁ፤ ሲያልቅ ግን የሚቀረጽ ነገር የለም። ከስብሰባው በፊት እያንዳንዱ አባል በቤቱ ካለው አንድ ተሰባሪ ዕቃ ይምረጥ። ፎቶ ያንሳው፣ ከማን እንዳገኘውና ምን እንደሚያሰጋው በሦስት መስመር ጽፎ ይላክ።

ወደ እኛ የመጡት አራት ነበሩ፤ አፉ የተሸረፈ ጀበና፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ ባለ 45 ዙር የሙዚቃ ሸክላ፣ ከአገር ቤት ወደ አሜሪካ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ ያለበት ካሴት፣ ከጎንደር አጠገብ ካለችው ወለቃ የሄደ ትንሽ የሸክላ ምስል። የኋለኛውን የመረጠችው የቤር ሼቫ ባልደረባችን ናት። ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ የሚሠሩባት መንደር ነበረች። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር የያዙት ነገር አልነበረም። በዚያ ዘመን አንድ የጭቃ ምስል ሳይሰበር አገር መሻገሩ ራሱ ታሪክ ነው።

የሙዚቃ ሸክላውም ከርቀት ሥራ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የአዲስ አበባን ድምፃውያን ሲያሳትም ቀረጻው እዚህ፣ የሸክላው ኅትመት ግን ውጭ አገር ነበር። ድምፁ ሄዶ፣ ታትሞ፣ በሣጥን ተመልሶ ይመጣ ነበር። እኛ ዛሬ በኢንተርኔት የምናደርገውን እነርሱ በአውሮፕላን ጭነት አድርገውታል።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ስለ ስብራት የሚሠራ ሁሉ በወርቅ የተጠገነውን የጃፓን ሳህን ያነሳል። ውብ ነው፤ ነገር ግን የእኛ አይደለም። በእኛ አገር የተሰነጠቀ ቅል በክር ይሰፋል። የተሰበረው እንስራ ገሉ ከጎረቤት ፍም ይጫርበታል። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለው ተረትም አለን፤ በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ድህነትና ትዝብት ለአንድ ሙሉ ትርኢት ይበቃል።

2. ስምምነታችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ

ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ማን ምን እንደያዘ ይጠፋል። አንዱ ድምፅ፣ አንዷ ምስል፣ አንዱ ጽሑፍ ሲይዝ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ደግሞ ግምጃ ቤት ጠባቂ ይሁን። የእርሱ ሥራ ዋናዎቹን ቅጂዎች መጠበቅ ብቻ ነው፤ ከፈጠራው ሥራ ያላነሰ ክብር ይሰጠው።

በገጹ ላይ የሚከተሉት ይስፈሩ፤ የሥራው ባለቤቶች እነማን ናቸው፣ የስም ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው፣ ገንዘብ ቢመጣ እንዴት ይከፈላል፣ አንድ ሰው በመካከል ቢወጣ የሠራው ክፍል ምን ይሆናል። የመጨረሻውን ጥያቄ ሰው ሁሉ ይሸሸዋል፤ ኋላ የሚያጣላው ግን እርሱ ነው። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድ ሥራ አመንጪ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ስለዚህ ያረጀ ዘፈን ሁሉ ባለቤት የሌለው አይደለም። ከአሮጌ ሸክላ ላይ ዜማ ወስዳችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ የዜማውንና የግጥሙን ባለመብቶች ፈልጋችሁ ፈቃድ ጠይቁ። እኛ ከሸክላው የወሰድነው የመርፌውን ጭረትና የስንጥቁን ምት ብቻ ነበር።

ጀበናውን የሠራችው ሴት ስሟ ከእናንተ ስም ጋር ይጻፍ። ሸክላ ሠሪዎች ለብዙ ዘመን ሲናቁና ሲገለሉ የኖሩባት አገር ናት፤ እናንተም «የእጅ ሥራ ድጋፍ» በሚል ትንሽ መስመር ሥር አትቅበሯት። ስሟ እንዳይጠራ የምትፈልግ ከሆነ ደግሞ ቃሏ ይከበር።

3. ሰዓትና ቀን

ይህ አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ትቀድማለች። አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በፈረንጆች ማርች ሁለተኛው እሑድ ሲሆን እስራኤል ደግሞ በዚያው በፈረንጆች ወር መጨረሻ ገደማ ነው፤ በመካከል ያሉት ሳምንታት ሁሉን ያደናግራሉ። «3 ሰዓት» ያለ ሰው በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ሁልጊዜ ይጥቀስ። ለእኛ የሠራው፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የአዲስ አበባ ምሽት 12 ሰዓት ነበር፤ ዋሽንግተን ያለው ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ይገኛል፤ ቤር ሼቫ ያለችውም ገና ብዙ አልመሸባትም።

የፋይል ስም ላይ የፈረንጅ ቀን ተጠቀሙ፣ በዓመት፣ በወር፣ በቀን ቅደም ተከተል። ቀጥሎ ከተማ፣ ዕቃ፣ ተራ ቁጥር። የፋይል ስሞችን በላቲን ፊደል ጻፉ፤ አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራሞች የግዕዙን ፊደል ያበላሹታል።

4. ሁላችሁም በአንድ ልክ ቅረጹ

ድምፅ በ48,000 ኸርዝና በ24 ቢት፣ ባልተጨመቀ የዌቭ ፋይል ይቀረጽ። አንድ ደቂቃ ባለ አንድ መስመር ድምፅ 8.6 ሜጋባይት ያህል፣ አንድ ሰዓት ደግሞ 518 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በዚህ ልክ የመጠባበቂያ ቦታ አስቡ። ድምፁ የመቅጃውን ከፍተኛ ልክ እንዳይነካ ዝቅ አድርጋችሁ ቅረጹ። ሸክላ ሲሰበር የሚወጣው የመጀመሪያ ድምፅ ከጠበቃችሁት በላይ ይበረታል፤ ተቆርጦ ከተቀረጸ ማዳኛ የለውም።

ቪዲዮ ለሁላችሁም በሰከንድ 25 ምስል ይሁን። ብዙ ስልኮች በየቅጽበቱ ፍጥነታቸውን ስለሚቀያይሩ ድምፁና ምስሉ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ፋይሉን ወደ ማቀናበሪያ ከማስገባታችሁ በፊት ሀንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ቋሚ ፍጥነት አስይዙት። በእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ ላይ በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ የእጁ መግጠምና የጭብጨባው ድምፅ ኋላ ማስተካከያ ይሆኗችኋል።

የአምፖል መብራት ሌላ ፈተና ነው። በኢትዮጵያና በእስራኤል የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በአሜሪካ ደግሞ 60 ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ቤር ሼቫ ያላችሁ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት በ1/50፣ ዋሽንግተን ያላችሁ በ1/60 አድርጉ፤ አለበለዚያ ምስሉ ይርገበገባል።

ከዚህ ያገኘነውን ደስታ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ያው የኤሌክትሪክ ልዩነት በድምፁም ውስጥ አለ። የአዲስ አበባው ማቀዝቀዣ በ50 ኸርዝና በብዜቶቹ፣ የዋሽንግተኑ በ60ና በብዜቶቹ ያንጎራጉራል። ሁለቱን ስንደራርባቸው የ6 ለ5 ምጥጥን ሆነ፤ በፒያኖ ላይ ማይነር ሦስተኛ የሚባለው የሐዘን ርቀት ነው። ማንም ሳያቀናብረው ሁለት ኩሽናዎች ውቅያኖስ ተሻግረው አብረው አንጎራጎሩ። በሥራው ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስቀረነው።

5. ጀበናውን ቅረጹ፣ ከዚያ ስበሩት

የሚሰበረው የአያት ዕቃ አይሁን። ከገበያ አዲስ ገዝታችሁ ስበሩ፤ ቢያንስ ሦስት፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሁልጊዜ ያመልጣችኋል። የቆየ ዕቃን ወደ ሌላ አገር አትላኩ፤ ቅርስ ሊሆን ይችላልና ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ ያስጠይቃል።

በመጀመሪያ ድምፁን ውሰዱ። እናቶቻችን ገበያ ላይ እንስራ ሲገዙ በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ደኅናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ፒየዞ የሚባለው ሳንቲም የመሰለ ርካሽ መቅጃ በጀበናው ሆድ ላይ በሙጫ ወረቀት ተለጥፎ ያንን ድምፅ ከውስጥ ይሰጣችኋል። ባዶውን፣ ግማሽ ውኃ ያለበትንና ሙሉውን ለየብቻ ቅረጹ።

ቀጥሎ ባለ ሦስት አውታር ምስሉ። ጀበናውን ጥላ ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ ያለ ብልጭታ፣ በዙሪያው እየዞራችሁ በሁለት ወይም በሦስት ከፍታ ከ60 እስከ 80 ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው ጋር ሁለት ሦስተኛ ያህል ይደራረብ። አጠገቡ ማስመሪያ አኑሩ፤ ፕሮግራሙ ቅርጽ እንጂ መጠን አያውቅም፣ ኋላ በሌላ ከተማ ከተቀረጸ ገል ጋር ስታገጣጥሙት ግን ልኩ ያስፈልጋችኋል። ያልተወለወለ ሸክላ ለዚህ ምቹ ነው። የሚያብረቀርቀው ጥቁር ጀበና ግን ብርሃን ስለሚመልስ ዱቄት ወይም የተፈጨ ጠመኔ በስሱ ይነስነስበት። ፎቶዎቹን የሚያገጣጥመው ሜሽሩም ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ነገር ግን ጥሩ የምስል ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይጠይቃል። ስለዚህ ከመካከላችሁ ብርቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው ለሁላችሁም ይሥራ፤ የቀረነው ውጤቱን ብሌንደር በተባለው ነፃ የባለ ሦስት አውታር ምስል ፕሮግራም መክፈት እንችላለን።

አሁን ስበሩት። ወፍራም ጨርቅ በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ፣ ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍናችሁ፣ ቢያንስ ሁለት ካሜራ አቁማችሁ። ከተሰበረ በኋላ ወዲያው አትንኩት። የአንድ ደቂቃ ፀጥታ ቅረጹ፤ በእኛ ሥራ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ያችን ደቂቃ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ገል በጠመኔ ቁጥር ስጡት፣ አንድ በአንድ ፎቶ አንሱት።

6. የሙዚቃ ሸክላውንና ካሴቱን ወደ ፋይል አዛውሩ

መጀመሪያ ሸክላው ከምን እንደተሠራ እወቁ። ስሙ የመጣው ከጥንቱ ባለ 78 ዙር ሸክላ ነው፤ እርሱ ከነፍሳት በሚገኝ ሙጫ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ፣ እንደ ሳህን የሚሰበር ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የታተሙት ባለ 45 ዙሮች ግን ፕላስቲክ ናቸው። ልዩነቱ ለጽዳት ይጠቅማል፤ የጥንቱን በአልኮል ከጠረጋችሁት ሙጫው ይሟሟል። በተጣራ ውኃና በጠብታ ለስላሳ ሳሙና ጥረጉት፣ መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይርስ። መርፌውም ይለያል፤ ለጥንቱ ሰፊ መርፌ ያስፈልጋል።

የተሰነጠቀ ሸክላ ላይ ጥሩ መርፌ አታሳርፉ፤ ለዚህ ሥራ ያረጀ መርፌ መድቡ። ስንጥቁ በየዙሩ አንድ ጊዜ «ጠቅ» ይላል። በደቂቃ 45 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዙር 1.33 ሰከንድ ስለሚፈጅ ሦስት ጠቅታ ልክ 4 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 25 ምስል ለሚሠራ ቪዲዮ 100 ምስል ማለት ነው። ምስሉን በዚህ ልክ ስትቆርጡ ስብራቱ ራሱ የሥራው ምት ጠባቂ ይሆናል።

ካሴቱን ከማጫወታችሁ በፊት በጀርባው ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ተመልከቱ። ካልተሰበሩ አሁኑኑ ስበሯቸው። ጥርሱ የሌለው ካሴት በስሕተት ሊቀረጽበት አይችልም። ይህን ለባልደረቦቼ ሳስረዳ ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን፤ ሰብሮ መጠበቅ የሚባል ነገር እንዳለ በእጃችን ያየነው ያን ቀን ነው። ከዚያ ካሴቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ አጠንጥኑት፤ የተጣበቀ ክር ካለ ይላቀቃል። ስታጫውቱ ግን ገና ከመጀመሪያው ቅጽበት ቅረጹ፤ ያረጀ ክር ሁለተኛ ዕድል ላይሰጣችሁ ይችላል።

7. ፋይል አላላክ

የሠራነው ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። የአንድ ባልደረባችን አያት ስለ እንስራ መሸከም የተናገሩትን በስልክ ቀርጸን በድምፅ መልእክት መልክ ተላላክነው። መልእክቱ ድምፁን ጨምቆ፣ የአያትየውን ትንፋሽና የምድጃውን ፍንጣቂ ጠርጎ አስቀረልን። ዋናው ፋይል ደግሞ ስልኩ ሲሞላ ተሰርዞ ነበር። እርሳቸው አሁን በሕይወት የሉም።

ስለዚህ፦ በመልእክት መላኪያ ፎቶም ድምፅም ስትልኩ «እንደ ፋይል» በሚለው አማራጭ ላኩ። ቴሌግራም ያለ ክፍያ እስከ 2 ጊጋባይት የሆነ አንድ ፋይል በዚህ መንገድ ይቀበላል። ከዚያ ለሚበልጥ ሲንክቲንግ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የሁለት ሰዎችን ኮምፒውተር በቀጥታ ያገናኛል፤ መብራት ወይም ኢንተርኔት ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ይህም ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው።

ከዋናው ጋር አንድ ትንሽ ቅጂም አዘጋጁ። ሰው ሁሉ በትንሹ ቅጂ ይሠራል፤ ዋናው የሚነካው የመጨረሻው ቅንብር ሲወጣ ብቻ ነው። ዋናው ሦስት ቦታ ይቀመጥ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ በሌላ ከተማ። ፋይሉ ሳይጎድል መድረሱን ለማወቅ ሻ-256 የተባለውን፣ ኮምፒውተር ከፋይሉ ይዘት የሚያሰላውን የአሻራ ቁጥር ላኪም ተቀባይም ያውጡና ያስተያዩ። አንድ ቁጥር ከተለየ እንደገና ይላክ። ተቀባዩ «ደርሶኛል፣ አሻራው ገጥሟል» ብሎ እስኪጽፍ ድረስ ላኪው ከስልኩ ምንም አያጥፋ።

8. አብራችሁ አትጫወቱ፣ ተቀባበሉ

በቪዲዮ ጥሪ አብሮ ለመዝፈን መሞከር ያስቆጣችኋል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ መሄዱ ብቻ ወደ 58 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ሙዚቀኞች ደግሞ ከ30 ገደማ ካለፈ ምት መጠበቅ ይቸግራቸዋል። ይህን ፕሮግራም አይፈታውም።

መቀባበል ግን ይሠራል። እያንዳንዱ ሰው ሥራውን ለ7 ቀን ይይዛል፣ ከዚያ ለቀጣዩ ያስረክባል። ሦስት ሕግ አወጣን። በእያንዳንዱ ዙር ሰውየው አንድ ነገር ብቻ ይሰብራል፤ ይቆርጣል፣ ይገለብጣል ወይም ያጠፋል። ሌላ ሰው ካኖረው ውስጥ ቢያንስ አንድ ነገር ሳይነካ ያሳልፋል። ምን እንደሰበረና ምን እንዳቆየ በአምስት መስመር ጽፎ ከፋይሉ ጋር ያስረክባል። በየዙሩ አዲስ ቁጥር ያለው ፋይል ይከፈታል፤ በአሮጌው ላይ መጻፍ ክልክል ነው።

ሁለተኛው ሕግ ሥራውንም ወዳጅነታችንንም ጠብቋል። የቤር ሼቫ ባልደረባችን የእኔን ረጅም የድምፅ ክፍል በሙሉ ስታወጣው የጀበናውን ክዳን ትንሽ ድምፅ ግን ትታልኝ ነበር። ማስታወሻዋን ሳነብ ቅሬታዬ ወደ ማድመጥ ተለወጠ። ስድስት ዙር በቃን። የጥሪ ስብሰባውን ለዙር ማጠቃለያ ብቻ አድርጉት፤ ጥሪው ራሱ ሲቆራረጥ የሚፈጠረውን ድምፅ ግን ቅረጹት። እርሱ የመረጣችሁት ስብራት ሊሆን ይችላል።

9. የሰዎች ስብራት

ስለ ተሰባሪነት ሲባል ሰው ስለ ሐዘኑ ይጠየቃል። ቅስሙ የተሰበረን ሰው በካሜራ ፊት አስለቅሶ ያንን «ጠንካራ ምስል» ማለት ነውር ነው፤ እኔ እንዲህ ባለ ሥራ ስሜን አላኖርም። ስለ ዕቃው ጠይቁ። እማማ ስለ እንስራቸው ሲናገሩ የፈለጉትን ያህል ስለ ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ ልኩን የሚወስኑትም እርሳቸው ናቸው።

ፈቃዱን በቃል ጠይቃችሁ ጥያቄውንም መልሱንም ቅረጹ። የት እንደሚታይ፣ ማን እንደሚያየው፣ በሌላ አገርም እንደሚቀርብ ንገሯቸው። የተቀረጸውን መልሰው ይስሙት። ከትርኢቱ በፊት በማንኛውም ጊዜ «ተዉት» ማለት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ያለ ክርክር ይወጣል። በሌላ ቋንቋ ጽሑፍ ስትጨምሩም ትርጉሙን ቤተሰብ ያየው ዘንድ ላኩ።

10. በሁለት ከተማ ማሳየት

ቀጥታ ስርጭት ላይ አትተማመኑ። ለየቦታው ሙሉውን ፋይል በፍላሽና በሃርድ ዲስክ አስቀድማችሁ አድርሱ፤ ማጫወቻው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራሱ ከመጀመሪያው እንዲጀምር አድርጋችሁ ሞክሩት፣ ሶኬቱን በእጃችሁ እየነቀላችሁ። የክፍሉን ጨለማና የድምፁን ከፍታ በቁጥር ሳይሆን በቪዲዮ ተላላኩ፤ አንዱ በክፍሉ ውስጥ እየተራመደ ይቅረጽ፣ ሌላው ያስተካክል።

ክፍሉ ውስጥ ገሎቹን በጠመኔ ቁጥራቸው ቅደም ተከተል ወለሉ ላይ ደረደርናቸው፤ ባለ ሦስት አውታር ምስላቸው ግን በግድግዳው ላይ ሌላኛው ከተማ ካሉት ገሎች ጋር እየተገጣጠመ አንድ ጀበና ይሆን ነበር። መገጣጠሚያዎቹን ብሌንደር ውስጥ በሁለት ሚሊ ሜትር ክፍት ተዉአቸው፤ ብርሃን ያልፍባቸዋል።

ትርኢቱ ሲያበቃ ገሎቹን አትጣሉ። ወደ ሸክላ ሠሪዋ ወስዳችሁ ጠይቋት። በብዙ የሸክላ ሥራ ልማዶች የተፈጨ ገል ከአዲስ ጭቃ ጋር ይለወሳል፤ የእኛዋ እትዬ በእጇ ጨብጣ አየቻቸው፣ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና «ደኅና አፈር ነው፣ አስቀምጡት» አለች።